የማክሰኞ ፊርማ

ወንድሜ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ደብተር ዘርግቶ፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፣ የገዛ ፊርማውን ሲለማመድ ነበር። በግራ እጁ። ጠረጴዛችን አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ሲጻፍበት ይወዛወዛል፤ እናታችን መዳፏን ጫፉ ላይ አሳርፋ ትይዝለታለች። እኔ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ቆሜያለሁ። ሻዩ ቀዝቅዟል። ሦስታችንም የምናየው እስክሪብቶዋን ነው። ቀኝ እጁን ማንም አያየውም፤ እንደ ወትሮው ኪሱ ውስጥ ነው። እናቴ አራት ወር ሙሉ ዳቦውን ቆራርሳ ፊቱ ስታስቀምጥ ወደዚያ ኪስ ዓይኗን ጥላ አታውቅም፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ «ለምን ትቆርሺልኛለሽ?» ብሏት አያውቅም።

«ይሄኛው አይሻልም እትዬ?» አለኝ ደብተሩን ወደ እኔ እያዞረ። ገጹ ላይ አሥራ ስምንት ፊርማ አለ። የመጀመሪያዎቹ ዶሮ የጫረችው መሬት ይመስላሉ፤ የመጨረሻዎቹ ፊርማ ይመስላሉ፣ የእሱን ፊርማ ግን አይመስሉም። የእሱ ድሮ እንደ ባለሥልጣን አሽከርክሮ ከሥሩ ሁለት ጊዜ የሚያሰምርበት ነበር። «ይሄ ፊርማ ገንዘብ አጣ እንጂ ቼክ ላይ ነበር የሚያምረው» እያልን እናሾፍበት ነበር። ይሻላል አልኩትና ከቦርሳዬ ሁለት ወረቀት አወጣሁ።

አንደኛው የሥልጠና መከታተያ ቅጽ ነው። ከላይ «የማሽን አጠቃቀምና የሥራ ላይ ደኅንነት ሥልጠና» ይላል፤ ቀኑ ከአራት ወር በፊት የነበረ ማክሰኞ ነው፤ ሃያ ሦስት ስም ተደርድሯል፣ ሃያ ሁለቱ ፈርመዋል። ከታች «አሠልጣኝ» በሚለው መስመር ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። እንዲህ ያለ ሥልጠና ተሰጥቶ አያውቅም። ሃያ ሁለቱም የፈረሙት ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ፣ አፋቸው ዳቦ እንደጎረሰ፣ ወረቀቱን እየተቀባበሉ ነው። ወንድሜ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ጠጋ አድርጎ አነበበው።

«እኔ መቼ ነው የሠለጠንኩት?»

«ማክሰኞ።»

«ማክሰኞ እኮ ካርቶን ስሸከም ነው የዋልኩት።»

«አውቃለሁ» አልኩት። እናቴ ጠረጴዛውን እንደያዘች፣ ማንኛችንንም ሳታይ፣ «ፈርምላት እንጂ አባቴ፤ ለአንተው ብላ ነው» አለች። ፈረመ። ጥሩ አድርጎ ነው የፈረመው፤ ከልምምዱ ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር፤ ራሱም ደስ ብሎት ቀና አለ። ከዚያ ሁለተኛውን ወረቀት ገለበጠው፤ ከፊትም ከኋላም ምንም አልተጻፈበትም። «ባዶውስ?» አለ። የመጋዘኑ ደብዳቤ ነው፣ ጸሐፊዋ ስላልደረሰችበት ሥራ አስኪያጁ «ከታች ይፈርምልኝና እኔ አስሞላዋለሁ» ብለዋል፣ አልኩት። «መጋዘን» የሚለው ቃል ቤታችን ውስጥ አራት ወር ሙሉ ሲጠራ የኖረ ቃል ነው፤ ሲጠራ እናቴ ትተነፍሳለች። ወንድሜ እሱንም ፈረመ። እኔ ወረቀት ሳያነቡ እንዳይፈርሙ ሰዎችን የማስተምር ሴት ነኝ፤ ማኑዋሉ ላይ ጭምር ጽፌዋለሁ። ባዶውን ወረቀት የገዛ ወንድሜ ፊት ያስቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ፤ የሚፈርምበትን ቦታ በጣቴ ያሳየሁትም እኔ ነኝ።

የምሠራበት ፋብሪካ የድስት ክዳን ያመርታል። ድስቱን የሚሠሩት ሌሎች ናቸው፤ እኛ መክደን ብቻ ነው። ክዳን የሚገዙን ትልልቅ ሱቆች ዓምና «የሥራ ቦታ ጤናና ደኅንነት አስተዳደር ሥርዓት ሰርተፍኬት ከሌላችሁ አንገዛም» ሲሉ፣ መዝገብ ቤት ደብዳቤ ሳስገባና ሳወጣ የኖርኩትን ሴትዮ ለአሥር ቀን ኮርስ ልከው የደኅንነት ኃላፊ አድርገው መለሱኝ። ሠራተኛው «ሴፍቲ» ይለኛል፤ ስሜን የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። ማኑዋሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አራት መቶ ገጽ ነው፣ በሦስት ሰማያዊ ፋይል ተጠርዟል። «አመራሩ ለሠራተኛው ደኅንነት ያለው ቁርጠኝነት የማያወላውል ነው» ብሎ ይጀምራል። ይቺን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ኮርቼባት ነበር፤ ለእናቴም አንብቤላታለሁ።

በሩ ላይ ሰሌዳ አለ። «ያለ አደጋ የተሠራባቸው ቀናት» ይላል፤ ከሥሩ በሦስት ሚስማር ላይ ሦስት የቆርቆሮ ቁጥሮች ይንጠለጠላሉ። በየጠዋቱ የመጨረሻዋን አውርጄ የሚቀጥለውን መስቀል የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ዛሬ ሦስት መቶ አርባ አንድ አደረግኩት። ወንድሜ አራት ጣቱን ያጣበት ረቡዕ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ ነበር። ፋብሪካው የገባው በዚያው ሳምንት ሰኞ ነበር፤ እኔው ነኝ ያስቀጠርኩት፣ ፎርማኑን ለምኜ። በሦስተኛው ቀን አንድ ሰው ስለቀረ ከካርቶን አንስተው ፕሬስ ላይ አቆሙት። እኔ ክሊኒክ አብሬው ሄጄ ሳለ ስልኬ ጠራ፤ ሥራ አስኪያጁ ነበሩ። ሰርተፍኬቱ ሊደርስ ሲል ይሄ ከተመዘገበ ሁሉም ነገር አፈር ይበላል፣ ሁለት መቶ ሰው ይበተናል፣ ቤት ነው የደረሰበት በይ፣ አሉኝ። «ሰርተፍኬቱ ይምጣ እንጂ ወንድምሽን መጋዘን ቁጭ አደርገዋለሁ፤ እስክሪብቶ ብቻ ነው የሚይዘው» አሉ። ነርሷ ቅጹን ይዛ ምን እንደቆረጠው ስትጠይቀኝ የብረት በር ተዘግቶበት ነው አልኳት። ጨርቁን ገልጣ አየችና «ይሄ ምን ዓይነት በር ነው?» አለች። የጻፈችው ግን ያልኳትን ነው። ሐሙስ ጠዋት ገብቼ ሰሌዳው ላይ ሁለት መቶ ሃያ ሰቀልኩ።

ፕሬስ ማለት ቆርቆሮውን በአንድ ምት ክዳን የሚያደርግ ማሽን ነው። ሁለት ቁልፍ አለው፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ፤ ሁለቱ በአንድ ላይ ካልተጫኑ አይወርድም። አምራቹ እንዲህ ያደረገው ሁለቱም እጅ ቁልፉ ላይ ከሆነ ከሥሩ የሚገባ እጅ አይኖርም ብሎ ነው። ነገር ግን በሁለት እጅ እየተጫኑ፣ ቆሞ እየተጠበቀ፣ በፈረቃ ዘጠኝ መቶ ክዳን አይወጣም። ስለዚህ የእኛ ሰዎች ከእንጨት ሽብልቅ ጠርበው አንደኛውን ቁልፍ እንደተጫነ ያስቀሩታል፤ በአንድ እጅ ይጫናሉ፣ በሌላው ቆርቆሮ ያስገባሉ። ሽብልቋን «ሦስተኛ እጅ» ይሏታል። እያንዳንዱ የራሱ አለው፤ በምስማር ምልክት ይጭርባታል፣ አንዱ መስቀል፣ አንዱ ኮከብ፣ አንዷ የልጇን ስም የመጀመሪያ ፊደል። ሲወርሱም ሲዋዋሱም አይቻለሁ። ማኑዋሉ ገጽ ስድሳ አንድ ላይ በጥብቅ የተከለከለ ነው ይላል።

ዛሬ ጠዋት ፎርማኑ ባዶ የቀለም ባልዲ ይዞ በየማሽኑ እየዞረ ሦስተኛ እጆችን ሰበሰበ። ፎርማኑን ሠራተኛው «ቶሎቶሎ» ብሎ ሰይሞታል፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ አፉ ላይ ሌላ ቃል ስለሌለ ነው። «ቶሎ ቶሎ፣ ሰውዬው በር ላይ ደርሷል!» እያለ ሰበሰበና ባልዲውን እኔ ጠረጴዛ ሥር አስቀመጠው። «ሴፍቲ ቢሮ ማን ይፈትሻል?» ብሎ ጠቀሰኝ። ቆጠርኳቸው፤ የመቁጠር ሱስ ይዞኛል። ሃያ ስድስት ናቸው። ሃያ አምስቱ ምልክት አላቸው። አንዷ ንጹሕ ናት፣ አዲስ የተጠረበች፣ አንድ ቀን እንኳ በቅጡ ያልተሠራባት። የማን እንደሆነች ፎርማኑን ሳልጠይቅ ባልዲውን በእግሬ ወደ ውስጥ ገፋሁት።

ለሰርተፍኬቱ ሊመረምረን የመጣው ኦዲተር ቀጠን ያለ፣ የራሱን ሄልሜት በላስቲክ ይዞ የሚዞር፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። የተዘጋጀለትን ኬክ አልነካም፤ ውኃ ብቻ ጠጣ። ሥራ አስኪያጁ ከሳቸው በማይጠበቅ ፍጥነት ደረጃ እየወረዱ፣ አዲስ የተቀባውን ቢጫ መስመር እያሳዩ፣ አዲሶቹን ጓንቶች እያስነኩ አዞሩት። ፕሬስ ክፍል ስንገባ ድምፁ ራሱ ሌላ ነበር። ወትሮ በር ላይ ቆሞ ሰው ማናገር አይቻልም፤ ዛሬ ማሽኖቹ ዱብ ይላሉ፣ ዝም ይላሉ፣ እንደገና ዱብ ይላሉ። ሁሉም ሁለት እጁን ቁልፍ ላይ አድርጎ እንደ ጸሎተኛ ቆሟል። ኦዲተሩ አንዲትን ሴት ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትሠሩት ብሎ ጠየቃት። ሳምንቱን ሙሉ ያጠናችውን መለሰችለት፦ «ከምርት ደኅንነት ይቀድማል።» ሰዓቱን አየ፣ የሦስት ክዳን ጊዜ ለካ፣ ወረቀቱ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። አካፍሎ ማባዛት የሚችል ሰው ነው፤ በዚህ አያያዝ ዘጠኝ መቶ እንደማይወጣ ቆሞ ያሰላ ይመስለኛል። ወደሚቀጥለው ማሽን አለፈ።

ከምሳ በኋላ ፋይል ለማየት እኔ ቢሮ ገባን። ቢሮዬ ድሮ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበር፤ ለሁለት ሰው ከበቃ ለሦስተኛው ጉልበት ቦታ የለውም። ኦዲተሩ የሚያያቸውን አምስት ሠራተኞች ትናንት በኢሜይል መርጦ ልኳል፤ ከቅጥር ዝርዝሩ ላይ በቁጥር፣ ስም ሳያይ። ከመረጣቸው ቁጥሮች አንዱ፣ አሥራ አምስት፣ የወንድሜ ነው። ሥራ አስኪያጁ ትናንት ከሰዓት ሁለቱን ወረቀቶች ያሸከሙኝ ለዚህ ነበር። አሁን አምስቱን ፋይሎች ራሳቸው ይዘው መጡና ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ኦዲተሩ አንድ በአንድ እያየ፣ እየመለሰ፣ የወንድሜ ላይ ሲደርስ ሦስት ወረቀት አውጥቶ ጎን ለጎን አስቀመጠ። የመጀመሪያው የሰኞ የቅጥር ውል ነው። ሁለተኛው የማክሰኞ ሥልጠና ነው። ሦስተኛውን በግልባጭ ነው ያነበብኩት፤ ከፊት ለፊቱ ስለተቀመጥኩ ፊደሉ ተገልብጦ ነው የታየኝ፤ ግን አነበብኩት። «በግል ጉዳዬ ምክንያት ከዛሬ ረቡዕ ጀምሮ ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ የለቀቅኩ መሆኑን እገልጻለሁ።» ከሥሩ ዛሬ ጠዋት ጣቴን ያሳረፍኩበት ቦታ ላይ፣ እናቴ ጠረጴዛውን ይዛለት፣ ወንድሜ በግራ እጁ የፈረማት ፊርማ አለች። ቀለሟ ገና ያብለጨልጫል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት አይደለም። ቂልነት ነው። የመጋዘን ደብዳቤ ላይ ማን ነው ባዶ ወረቀት አስፈርሞ የሚያስሞላ? የተቀጠረ ሰው ዛሬ ማሽኑ ላይ ከሌለ ወይ ታሟል ወይ ለቋል፤ ለኦዲተር ሦስተኛ መልስ የለውም፤ ይሄን ደግሞ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም፣ ማኑዋሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴት እኔ ነኝ፣ ፊት ለፊቴ ማስረጃው ተዘርግቷል። ሥራ አስኪያጁን አየኋቸው። እሳቸው መስኮቱን እያዩ ነበር፤ መስኮቱ የሚያሳየው ግድግዳ ብቻ ነው።

«ከደኅንነት ኃላፊዋ ጋር ለብቻ መነጋገር አለብኝ» አለ ኦዲተሩ። አሠራሩ ነው። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብለው ተነሡ፤ ሲወጡ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉት። በሩ ተዘጋ። ኦዲተሩ እግሩን ሲዘረጋ ጫማው ባልዲውን መታው፤ ሽብልቆቹ ውስጡ ተንኮሻኮሹ። ጎንበስ ብሎ አየ። አንዷን አነሣ፣ ያቺን ንጹሕዋን፤ በሁለት ጣቱ ይዞ ገለባበጣትና መልሶ አስቀመጣት። ምንድን ነው ቢለኝ የበር መደገፊያ ናቸው ልለው ተዘጋጅቼ ነበር። ዛሬም በር። አልጠየቀኝም። እስክሪብቶውን አንሥቶ ሦስቱን ፊርማዎች በየተራ ነካ ነካ አደረጋቸው።

«ሰኞ ተቀጠረ» አለ ቀስ ብሎ። «ማክሰኞ ሠለጠነ። ረቡዕ ለቀቀ። ይሄ ሰው በሰኞና በማክሰኞ መካከል እጁ ምን ሆነ?»

ከኮሪደሩ የሥራ አስኪያጁ ሳል ይሰማል። ማን ይንገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል፤ የነበርኩትም የቀበርኩትም እኔ ነኝ፤ መናገር የሚገባው ሰው ካለ ከእኔ ሌላ የለም። አራት ወር ዝም ያልኩት ለመጋዘኑ ነው ብዬ ነበር። መጋዘኑ አሁን የለም፤ ስለዚህ ዝም የምልበት ምክንያት የለኝም። እንዲህ አድርጌ አሰብኩት፣ በቅደም ተከተል፣ እንደ ማኑዋል። ሁለት ቃል ይበቃል፦ ፕሬስ ቆረጠው። ከዚያ መዝገቡ ይከፈታል፣ ሰሌዳው ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ወንድሜ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰው መሆኑ ቀርቶ ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ይሆናል። ከዚያስ? አሠልጣኝ ብሎ የፈረመ ማን ነው? ክሊኒክ ሄዶ በር ነው ያለ ማን ነው? በቤታችን ከእንግዲህ ሠርቶ የሚገባ ሰው ስንት ነው? ሰውዬው ይጠብቀኛል። አይቸኩልም። እንዲህ ያለ ጊዜ የሰጠኝ ሰው በሕይወቴ የለም፤ ለዚያ ነው የማልረሳው።

«ግራኝ ነው» አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ፊት ለፊት እያየሁት። «ሰኞ በቀኙ ሞክሮ ይሆናል። አንዳንዴ ያደርገዋል።»

«ያውቁታል?»

«አዎ፣ እንደ ሠራተኛ።»

እስክሪብቶው ቆመ። የአባት ስማችን አንድ እንደሆነ ከፊቱ ባለው የሥልጠና ቅጽ ላይ ተጽፏል፤ የእሱ ከላይ ከስሞቹ መካከል፣ የእኔ ከታች በአሠልጣኙ መስመር። ሁለቱንም ያነበበ መሰለኝ። «እኔ የምጽፈው የተነገረኝን ነው» አለ በመጨረሻ፤ እንደ መለማመጥ ያለ ነገር ነበረው ድምፁ። «ሌላ የሚነግሩኝ ነገር አለ?» እግሩ አሁንም ባልዲው አጠገብ ነው። ያየውንስ ለምን አይጽፍም? ብዬ ስለ እሱ ተናደድኩ፤ ደስ የሚል ንዴት ነበር፣ ለአንድ አፍታ ከራሴ ላይ ወረደልኝ። እሱም ነገ ሌላ ፋብሪካ አለው፣ ከነገ ወዲያ ሌላ፤ ሰርተፍኬት የማይሰጥ ድርጅት ደግሞ ማን ይጠራዋል።

«ሻይ ላስመጣልዎት?» አልኩት።

«አይ፣ ውኃ ይበቃኛል» አለና ፋይሉን ዘጋው።

በመዝጊያው ስብሰባ ላይ ኃላፊዎች ሁሉ ተቀመጡ። ኦዲተሩ ቆሞ ግኝቶቹን አነበበ፤ ከባድ ጉድለት የለም። ቀላል ጉድለት ሁለት፦ ምግብ ቤቱ ውስጥ ያለው የእሳት ማጥፊያ የምርመራ ጊዜው በአሥራ አንድ ቀን አልፏል፣ የሴቶች መታጠቢያ ክፍል በር ላይ መጠቆሚያ ምልክት የለም። «አንድ አስተያየት ደግሞ አለኝ» አለ ወደ እኔ ሳያይ። «በሠራተኞች ፋይል የፊርማ ናሙና ልዩነት ስላየሁ ናሙናው ቢታደስ ጥሩ ነው።» በሥርዓቱ መሠረት ይህን እንዲያስተካክል ኃላፊነት የተሰጠው ሰው እኔ ነኝ፤ ሠላሳ ቀን አለኝ። ተጨበጨበ። ሥራ አስኪያጁ ስለ ቁርጠኝነት ተናገሩ፤ የእኔን ዓረፍተ ነገር በቃላቸው ይዘዋታል።

ሰውዬው ከወጣ በኋላ ሥራ አስኪያጁን ኮሪደር ላይ ጠበቅኳቸው። እጄን ጨበጡኝ፣ ደስታቸው እውነተኛ ነበር፣ ላብ ወጥቷቸዋል። «የመጋዘኑስ ነገር ጌታዬ?» አልኳቸው። ድምፄ እንደ ለማኝ ወጣ። ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ ለማስታወስ የሚቸገር ሰው እንጂ የሚዋሽ ሰው ፊት አልነበረም። «እኔማ ልቤ እዚያው ነው፤ ግን ተይው፣ ራስሽ የጻፍሽውን ረሳሽው? አካላዊ ብቃቱ በሐኪም ያልተረጋገጠ ሰው መጋዘን አይመደብም ይላል እኮ። ዛሬ ሰርተፍኬት ወስደን ነገ ልንጥሰው?» ገጽ መቶ አርባ ነው። ትዝ ይለኛል። የጻፍኩት አንድ የመጋዘን ዘበኛ ወገቡን እያመመው ሳጥን ሲሸከም አይቼ፣ አዝኜለት ነው። ሆድ ይፍጀው አልኩና መንገድ ለቀቅኩላቸው። ሆዴ ግን ብዙ ፈጅቶ ጠግቧል።

ቢሮዬ ስመለስ በር ላይ ሰልፍ ነበር። የከሰዓት ፈረቃ ገብቷል፣ የጠዋቱ ደግሞ ኮታው ስለጎደለ እንዲያመሽ ተነግሮታል። ሁሉም ሦስተኛ እጁን ፈልጎ ነው። «ቶሎ ቶሎ ስጫቸው እንጂ ሴፍቲ፣ በአንድ እጅ አይጨበጨብም» እያለ ፎርማኑ ይስቃል። ባልዲውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ በምልክታቸው እየለየሁ አደልኩ፤ መስቀሉን፣ ኮከቡን፣ የልጇ ፊደል ያለባትን። «ተባረኪ» እያሉ ይቀበሉኛል። የመጨረሻዋ ንጹሕዋ ቀረች። ከሰልፉ ጫፍ ላይ አንዲት የማላውቃት ሴት ቆማለች፤ አዲሱ ጓንት ሰፍቷታል፣ ጣቶቹ ጫፍ ላይ ባዶ ናቸው። ፎርማኑ ዛሬ የገባች ናት፣ የቀረ ሰው ስላለ ፕሬስ አምስት ላይ አቁሜያታለሁ፣ እሷን ስጫት አለ። ሽብልቋን ይዤ ቆምኩ። አልሰጥም ማለት ይቻል ነበር። ሥልጠና ወስደሻል ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻል ነበር፤ ሥራዬ ነው፤ ለዚያ ነው የሚከፈለኝ። ሴትየዋ ሁለት እጇን አጣምራ ዘረጋችልኝ፣ ከትልቅ ሰው ነገር ሲቀበሉ እንደሚደረገው። «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» አለችኝ። እትዬ ያለችኝ በፋብሪካው ውስጥ ሁለተኛዋ ሰው ናት። ሰጠኋት።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ መንገዱን ሙሉ ምን ብዬ እንደምነግራቸው ስለማመድ መጣሁ፤ አሥራ ስምንት ዓይነት አድርጌ ለመጀመር ሞከርኩ፣ አንዱም እኔን አልመስል አለ። ወንድሜ ጠዋት የተውኩት ቦታ ላይ ነው፣ እናቴም እዚያው ናት፣ መዳፏ ጠረጴዛው ላይ። አዲስ ደብተር ገዝተዋል፤ ትልቁን፣ ባለ ጠንካራ ልባሱን፤ ዋጋውን አውቀዋለሁ፣ የሦስት ቀን ዳቦ ነው። ወንድሜ እንደገባሁ ገልብጦ አሳየኝ። በማስመሪያ ሠንጠረዥ ሠርቷል፦ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ዓይነት፣ የገባ፣ የወጣ፣ ቀሪ። «ክዳን ትልቅ። ክዳን መካከለኛ። ክዳን ትንሽ።» ገጽ በገጽ፣ ሌላም ገጽ፣ ቀኑን ሙሉ።

«መጋዘን ላይ ከስም ይልቅ ቁጥር ነው የሚበዛው ብዬ» አለ። ቀኝ እጁን ሳያስበው ከኪሱ አውጥቶ በቀረችው አውራ ጣቱ ገጹን እንዳይታጠፍ ደግፎታል፤ ከአራት ወር ወዲህ እኛ ፊት ሲያወጣው የመጀመሪያው ነው። «እጄ እየፈጠነልኝ ነው እትዬ። ደብዳቤውን ሞሉልን?»

«ሞሉት» አልኩት።

እናቴ ተነፈሰች። ይሄ ውሸት አይደለም፤ ሞልተውታል። መቼ እጀምራለሁ አለኝ፤ ሠላሳ ቀን ውስጥ የሚስተካከል ነገር አለ አልኩት፤ ይሄም ውሸት አይደለም። እናቴ ዳቦ ልትቆርስ ስትነሣ ጠረጴዛው ተወዛወዘና እስክሪብቶው መስመሩን ሳተ። ቦርሳዬን አወረድኩ። አጠገቡ ተቀመጥኩና መዳፌን እሷ ያነሣችበት ቦታ ላይ አሳረፍኩ፤ እንጨቱ ሞቅ ብሏል።

«ሰባትህ አንድ ትመስላለች» አልኩት። «ትንሽ ጠምዘዝ አድርጋት፤ መጋዘን ላይ ያሳስታል።»

ምላሱን በጥርሱ ነክሶ ሰባትን እንደገና ጀመረ። ጠረጴዛውን ያዝኩለት።